የሊባኖስን ዝግባ ወደ ጠፈር የሸኙት ጄኔራል

በጠፈር ምርምር ታሪክ በየዓመቱ ታስበው የሚውሉት ቀናት በአብዛኛው የኃያላን አገራት ስኬቶች ናቸው። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተሰኘችውን የመጀመሪያ ሰው ሠራሽ ሳተላይት አመጠቀች። ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞረ። ጁላይ 20 ቀን 1969 ደግሞ አሜሪካውያን ጨረቃን ረገጡ። ከእነዚህ ቀናት ጎን እምብዛም የማይጠቀሰው ኖቬምበር 21 ቀን 1963 ነው። በዚያ ዕለት፣ የሊባኖስ ነጻነት 20ኛ ዓመት ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ “ዝግባ 4” የተሰኘች ሮኬት ከሊባኖስ ምድር ተወነጨፈች። የደረሰችበት ከፍታ 145 ኪሎ ሜትር እንደነበር ይነገራል፤ ይህም የጠፈር መነሻ ተብሎ ከሚታወቀው የ100 ኪሎ ሜትር ወሰን ያለፈ ነው። ሮኬቷን የሠሩት አንድ ወጣት መምህርና የኮሌጅ ተማሪዎቹ ሲሆኑ፣ የመንግሥትን ድጋፍ የሰጧቸው በወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄኔራል ፉአድ ሺሃብ ነበሩ።

ፉአድ ሺሃብ እ.ኤ.አ በ1902 ከቤይሩት በስተሰሜን በምትገኘው የተራራ ከተማ ጋዚር ተወለዱ። የትውልድ ሐረጋቸው ቀደም ሲል የሊባኖስን ተራራማ ግዛት ያስተዳድሩ ከነበሩት የሺሃብ አሚሮች ይመዘዛል። ይሁንና የቤተሰቡ ክብር እንጂ ሀብቱ አልተረፈም ነበርና በልጅነታቸው ችግርን ቀምሰዋል። የመሳፍንት ስማቸውን መመኪያ ከማድረግ ይልቅ ወታደርነትን መረጡ። ሊባኖስና ሶሪያ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር በነበሩበት ዘመን ሶሪያ ውስጥ በወታደራዊ ትምህርት ቤት ሠለጠኑ፤ ቀጥሎም በፈረንሳይ ከፍተኛ የጦር ትምህርት ተከታተሉ። ትዳራቸውንም የመሠረቱት ከፈረንሳዊት ሴት ጋር ነበር።

ሊባኖስ እ.ኤ.አ በ1943 ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ሠራዊቱ ወደ ብሔራዊ አዛዥነት የተላለፈው ኦገስት 1 ቀን 1945 ነው። የመጀመሪያው አዛዥ ሆነው የተሾሙትም ሺሃብ ነበሩ። አገሪቱ የብዙ ሃይማኖቶች መኖሪያ በመሆኗ የፖለቲካ ሥልጣን የሚከፋፈለው በሃይማኖት ወገኖች መካከል ነው። ሠራዊቱም ማሮናውያንን፣ ሱኒዎችን፣ ሺዓዎችን፣ ድሩዞችንና ኦርቶዶክሶችን በአንድ የደንብ ልብስ ያሰባሰበ ነበር። ሺሃብ ይህ ሠራዊት በፖለቲከኞች ጠብ ውስጥ ከገባ እንደሚሰነጠቅ፣ እርሱ ሲሰነጠቅም አገሪቱ አብራው እንደምትሰነጠቅ ያምኑ ነበር።

ይህ እምነታቸው ሁለት ጊዜ ተፈተነ። በ1952 ሕዝባዊ ተቃውሞ በፕሬዚዳንት ቢሻራ አል ኩሪ ላይ ሲበረታ፣ ጄኔራሉ ሠራዊቱን በተቃዋሚዎች ላይ ለማዝመት ፈቃደኛ አልሆኑም። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲለቁ ሺሃብ ለጥቂት ቀናት የሽግግር መንግሥቱን መርተው፣ ፓርላማው ካሚል ሻሙንን ሲመርጥ ወደ ጦር ሰፈራቸው ተመለሱ። በ1958 ደግሞ አገሪቱ በሻሙን ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች ተከፍላ ወደ እርስ በርስ ውጊያ ስትገባ ሠራዊቱን ከሁለቱም ወገን አራቁት። በጁላይ ወር የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች በቤይሩት የባሕር ዳርቻ ሲያርፉ ግጭት እንዳይነሳ ለማድረግም ደከሙ። በዚያው ወር መጨረሻ ፓርላማው የሁሉንም ወገን አመኔታ ያገኙ ሰው ሆነው ስላገኛቸው ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው።

ሺሃብ ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1958 ነው። የአገሪቱን ሕመም በግምት ሳይሆን በጥናት ለማወቅ ፈለጉና በፈረንሳዊው ካህንና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሉዊ ዦዜፍ ለብሬ የሚመራ የጥናት ቡድን ጋበዙ። የቡድኑ ግኝት አስደንጋጭ ነበር፤ ከሕዝቡ 4 በመቶ የሚሆነው ክፍል የብሔራዊ ገቢውን አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወስድ ነበር። ቤይሩት በባንክና በንግድ ስትደምቅ የደቡብ፣ የበቃዓና የሰሜን ገጠሮች መንገድና መብራት አልነበራቸውም። ከዚህ በመነሳት መንገድ፣ የመጠጥ ውኃና ኤሌክትሪክ ወደ ሩቅ መንደሮች እንዲደርሱ ተደረገ። የሲቪል ሰርቪስ ምክር ቤትና ማዕከላዊ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተቋቋሙ፤ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ተዘረጋ። በ1963 የወጣው ሕግ የፈጠረው ማዕከላዊ ባንክም በ1964 ሥራ ጀመረ።

የሮኬቶቹ ታሪክ የተወለደው በዚህ የግንባታ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ በ1955 በቤይሩት የተከፈተው የአርመናውያኑ ሃይጋዚያን ኮሌጅ አነስተኛ ተቋም ነበር። ኮሌጁን የመሠረተው ማኅበረሰብ ከኦቶማን ዘመን እልቂት የተረፉ ስደተኞችና ልጆቻቸው የገነቡት ሲሆን፣ ከቤይሩት በስተምሥራቅ የምትገኘው የቡርጅ ሐሙድ ሰፈርም የእነርሱ መኖሪያ ነበረች። የሒሳብና የፊዚክስ መምህሩ ማኑግ ማኑጊያን በ1960 ተማሪዎቻቸውን በአንድ ክበብ አሰባስበው ነዳጁን ከዚንክና ከድኝ ዱቄት እየቀመሙ ሮኬት መሥራት ጀመሩ። ጋጋሪን ምድርን በዞረበት በኤፕሪል 1961 የተወነጨፈችው ሮኬታቸው ወደ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አለች።

ወሬው ከቤተ መንግሥት ደረሰ። ፕሬዚዳንት ሺሃብ መምህሩንና ተማሪዎቻቸውን ተቀብለው አነጋገሩ። ለሥራውም በትምህርት ሚኒስቴር በኩል በ1961 10 ሺህ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 15 ሺህ የሊባኖስ ፓውንድ ተመደበ። ገንዘቡ ኃያላኑ ለአንድ ማስወንጨፊያ ብቻ ከሚያወጡት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ለአንድ ኮሌጅ ክበብ ግን በመንግሥት መታወቅ ማለት ነበር። ሠራዊቱም የጦር መኮንኑን ዮሴፍ ወህቤን መድቦ የማስወንጨፊያ ቦታና የቴክኒክ እገዛ ሰጠ። የተማሪዎቹ ክበብ የሊባኖስ ሮኬት ማኅበር ተባለ፤ ሮኬቶቹም በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ መካከል በተቀመጠው ዛፍ፣ አማርኛ አንባቢ በመጽሐፍ ቅዱስ በሚያውቀው የሊባኖስ ዝግባ ተሰየሙ። ከቤይሩት በስተሰሜን ባለችው የድባዬ ዳርቻ ሮኬት ሲወነጨፍ ለማየት ሕዝብና ጋዜጠኞች ይሰበሰቡ ነበር። በ1964 የሊባኖስ ፖስታ በሮኬቷ ምስል ያጌጠ ቴምብር አወጣ።

ይሁንና በዚሁ ድጋፍ ውስጥ አንድ ውጥረት ተደብቆ ነበር። መምህሩ ሥራውን የሚያዩት እንደ ትምህርት ሲሆን፣ ሠራዊቱ ደግሞ ወታደራዊ ጥቅሙን ጭምር ያስብ ነበር። የሺሃብ አስተዳደር ራሱም ከዚህ መሰል ጥያቄ ነጻ አልነበረም። በ1961 መጨረሻ የተሞከረባቸው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ የሠራዊቱ የስለላ ክፍል በፖለቲካው ውስጥ እጁን አስረዘመ፤ በምርጫና በፓርቲዎች ጉዳይ ጣልቃ ይገባል የሚል ወቀሳም በረታ። ሠራዊቱን ከፖለቲካ በማራቅ የተከበሩት ሰው በዘመናቸው የስለላ መኮንኖች እንዲገንኑ መፍቀዳቸው እስከ ዛሬ ስማቸውን የሚያደበዝዝ ነቀፌታ ሆኗል።

የሥልጣን ዘመናቸው በ1964 ሲያበቃ በርካታ የፓርላማ አባላት ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ እንዲቀጥሉ ጠየቋቸው። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ሻርል ሄሉም ተተኳቸው። ማኑጊያንም በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ አቀኑ። ማኅበሩ ያለ እርሳቸው በሠራዊቱ መሪነት ቀጥሎ በ1966 “ዝግባ 8”ን አስወነጨፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን አካባቢው በጦርነት ደመና ሲሸፈን ፕሮግራሙ ቆመ። አንዲት ትንሽ አገር ረጅም ርቀት የሚጓዝ ሮኬት መያዟ ለጎረቤቶቿም ለኃያላኑም የሚያሳስብ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ሺሃብ በ1970 ዳግም እንዲወዳደሩ ቢለመኑም የአገሪቱ የፖለቲካ ልማድ ለሚሹት ለውጥ ገና አልተዘጋጀም ብለው ራሳቸውን አገለሉ። የእርሳቸውን መስመር ይከተላሉ የተባሉት ኤልያስ ሳርኪስ በዚያ ምርጫ በአንድ ድምፅ ተሸነፉ። ጄኔራሉ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 25 ቀን 1973 በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1975 ከቤይሩት ሰፈሮች አንዱ በሆነው አይን ኤል ረማኔ የተጫረው እሳት 15 ዓመት የዘለቀውን የእርስ በርስ ጦርነት አስነሳ። ሠራዊቱ በወገን ሲሰነጠቅ አገሪቱም አብራው እንደምትሰነጠቅ የፈሩት ሁሉ በዓይን የሚታይ ሆነ።

ጦርነቱ የሮኬቶቹንም ትዝታ ቀበረው። በትሪፖሊ ከተማ በሺሃብ ዘመን ለብራዚላዊው አርክቴክት ኦስካር ኒማየር የተሰጠው፣ የጠፈር ሙዚየምን ጭምር የሚያካትተው የዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ ማዕከልም ሳይጠናቀቅ ቀረ። ማዕከሉ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር ነው። የሮኬት ማኅበሩን ታሪክ ለአዲሱ ትውልድ መልሰው ያወጡት ጆአና ሐጂቶማስና ኻሊል ጆሬጅ የተባሉ የፊልም ባለሙያዎች ናቸው። በ2012 ፊልም ሠሩበት፤ በሃይጋዚያን ቅጥር ግቢም የ“ዝግባ 4”ን ቅርጽ አቆሙ።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቤይሩት መሐል የሚያልፈው ሰፊ ጎዳና በፉአድ ሺሃብ ስም ይጠራል። ከመሠረቷቸው ተቋማት ማዕከላዊ ባንኩና የማኅበራዊ ዋስትናው እስካሁን አሉ፤ ሮኬቶቹ ግን የሉም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ባንኩ በሕግ ቆመ፤ የተማሪዎቹ ሥራ ግን በአንድ መሪ በጎ ፈቃድና በአንድ መምህር ትጋት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ2019 የመጀመሪያ ሳተላይቷን ላመጠቀችው ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገራትም የጄኔራሉ ሕይወት የሚያስተላልፈው ትምህርት ይህ ነው። ወጣቶችን ወደ ሰማይ ለማንሳት ጥቂት ገንዘብና ጆሮ የሚሰጥ መሪ ሊበቃ ይችላል፤ ከዚያ ከፍታ እንዳይወርዱ ለማድረግ ግን መሪው ከሄደ በኋላም የሚቆም ተቋም ያስፈልጋል።