ምስሉ ኢየሩሳሌም ያልገባው ቄሣር

ጋዮስ ካሊጉላ እ.ኤ.አ. በ12 ተወለደ። አባቱ ጀርመኒከስ ሮማውያን በጣም የሚወዱት የጦር አዛዥ ነበር። ልጁ በጦር ሰፈር ሲያድግ ትንሽ የወታደር ጫማ ያደርጉለት ስለነበር ወታደሮቹ ካሊጉላ አሉት፤ ትንሿ ጫማ ማለት ነው። አባቱ በ19 ሞተ። እናቱና ሁለት ወንድሞቹም በቄሣር ጢባርዮስ ዘመን በግዞትና በእስር አለቁ።

በ37 ጢባርዮስ ሲሞት ካሊጉላ በ24 ዓመቱ ነገሠ። በጦር ሜዳ ያገኘው ድል አልነበረውም፤ የነበረው ዘሩ ብቻ ነው። ታዲያ እሱኑ ገንዘብ ላይ አሳተመው። በሳንቲሙ አንድ ገጽ የራሱ መልክ፣ በሌላው የአባቱ ወይም የእናቱ ወይም የቅድመ አያቱ የአውግስጦስ ምስል ወጣ። በሐውልቶቹም ላይ ፀጉሩ እንደ አውግስጦስ ሆኖ ተቀረጸ። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ እንደሚለው ግን ሰውዬው መላጣ ነበር! በዚያን ጊዜ ፎቶ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፤ ከሮም የራቀ ሕዝብ ገዢውን የሚያውቀው በሳንቲምና በሐውልት ነበር።

ከዚያ ካሊጉላ እንደ አምላክ ልመለክ አለ። ያቭኔ የሚኖሩ አሕዛብ መሠዊያ ሠሩለት፤ አይሁዳውያን አፈረሱት። እሱም ተቆጥቶ ትልቅ ሐውልቱ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዲቆም አዘዘ። በ40 የሶርያው ገዢ ፔትሮንዮስ ጦር ይዞ አኮ ደረሰ። ሕዝቡ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ ሳይቀር መሣሪያ ሳይዝ ወጥቶ እግሩ ሥር ወደቀ። አንዋጋም፣ ሐውልቱ ከሚገባ ግን እንሞታለን ነበር አቋማቸው። በጥብርያም የዘር ወቅት ሆኖ ሳለ ገበሬው እርሻውን ትቶ 40 ቀን ያህል ለመነ። ፔትሮንዮስ መሬቱ ሳይዘራ ከቀረ ግብር እንደሚጠፋና ሽፍታ እንደሚበዛ አየ፤ ሕዝቡም አሳዘነው። ወደ እርሻቸው እንዲመለሱ አሰናበታቸውና ለቄሣሩ ጻፈ። የካሊጉላ ወዳጅ የነበረው ንጉሥ አግሪጳም ሮም ላይ ሆኖ አማለደ።

ካሊጉላ በጥር 41 በገዛ ጠባቂዎቹ እጅ ተገደለ። ፔትሮንዮስ ራሱን እንዲያጠፋ የላከው ደብዳቤ ባሕር ላይ ሲዘገይ፣ የሞቱ ወሬ ቀድሞ ደረሰ።

የነገሠው አጎቱ ክላውድዮስ ሐውልቶቹን በሌሊት አስነሣ። ብዙዎቹ እንደገና ተጠርበው የክላውድዮስን መልክ ያዙ። ዓለም ሁሉ እንዲሰግድለት የተሠራው ፊት የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ቀረ። ያስቆሙት የጥብርያ ገበሬዎች ግን ስማቸውም መልካቸውም አልተቀረጸም፤ ያደረጉት ነገር ግን እስከ ዛሬ ይነገራል።