ፍሬደሪክ ስቲቨንስና ሦስት ዘመን ያየው ሕንፃ

በህንድ አገር በሙምባይ ከተማ፣ ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ፣ የማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት የፖሊስ ጠቅላይ መምሪያ የሚገኝበት ባለ ቅስት የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። በግንባሩ ላይ የተቀረጸው ግን የባሕር አምላክ የሚባለው ነፕቲዩን ከነባሕር ፈረሶቹ ነው። ምክንያቱም ፍሬደሪክ ዊልያም ስቲቨንስ ሕንፃውን ሲነድፍ ያሰበው ለፖሊስ ሳይሆን ለመርከበኞች ነበር።

ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1847 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተወለደ። በአርክቴክቱ በቻርልስ ዴቪስ ዘንድ ሙያውን ከተማረ በኋላ፣ በ1867 በቅኝ ገዥው መንግሥት የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ገና በወጣትነቱ ወደ ህንድ ተሻገረ።

በ1870 የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዑል አልፍሬድ ቦምቤይን ጎበኘ፤ ሙምባይ ያን ጊዜ የምትጠራው በዚህ ስም ነበር። የባሮዳው ገዥ ካንዴ ራኦ ለጉብኝቱ መታሰቢያ የሚሆን የመርከበኞች ማረፊያ እንዲሠራ 200,000 ሩፒ ሰጠ። ንድፉን ስቲቨንስ አዘጋጀ፤ ግንባታውም ከ1872 እስከ 1876 ተከናወነ።

ከዚህ በኋላ በ1878 ታላቁን የባቡር ጣቢያ እንዲነድፍ ተመረጠ። የአውሮፓን ጣቢያዎች አሥር ወር ያህል ተዘዋውሮ ካጠና በኋላ ሥራውን ጀመረ። ሲታራም ካንዴራኦና ማድሄራኦ ጃናርድሃን የተባሉት ህንዳውያን መሐንዲሶች ረዱት፤ ከቅርጻ ቅርጹም ብዙውን የቦምቤይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሠሩት። በ1884 የመንግሥትን ሥራ ለቅቆ በግሉ መሥራት ጀመረ። ጣቢያው በ1888፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ደግሞ በ1893 ተፈጸመ። ስቲቨንስ በ1900 በወባ በሽታ በቦምቤይ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ከተማ በሴውሪ መካነ መቃብር ነው።

የመርከበኞቹ ቤት ግን ከነዳፊው በኋላ ብዙ ዘመን አየ። በ1928 መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ወሰደው። በ1947 ህንድ ነፃ ስትወጣም ምክር ቤቱ በዚያው ቀጠለ። በኋላ ምክር ቤቱ አዲስ ሕንፃ አግኝቶ ሲለቅ፣ በ1982 ፖሊስ ገባበት። የባቡር ጣቢያውም በ1996 የንግሥቲቱን ስም ትቶ በማራታው ንጉሥ በሺቫጂ ስም ተሰየመ፤ በ2004 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ስቲቨንስ ያገለገለው የቅኝ አገዛዝ ዛሬ የለም። ሕንፃዎቹን ግን ፈጽሞ የባዕድ ናቸው ለማለት ያስቸግራል፤ የመርከበኞቹ ቤት የቆመው በህንዳዊ ገዥ ገንዘብ ነው፤ ጣቢያውንም ያነጹትና ያስጌጡት የህንዳውያን እጆች ናቸው። የሕንፃ ነዳፊ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ባለቤት ሊመርጥ አይችልም። የሚቀርለት ድርሻ ተከታዩ ትውልድ ሳያፍርስ ሊገለገልበት የሚችል ሥራ ትቶ ማለፍ ነው።