አልፍሬድ ቴየር ማሃን፤ የመርከብ አዛዥና መምህር

አልፍሬድ ቴየር ማሃን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. በአሜሪካ በዌስት ፖይንት ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ዴኒስ ሃርት ማሃን በዚያው በጦር አካዳሚ የምሕንድስናና የጦር ጥበብ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሁለቱም ወገን ከተሰለፉት ጄኔራሎች ብዙዎቹ ከእርሱ ፊት ተቀምጠው የተማሩ ነበሩ። በ1871 ዓ.ም. የአካዳሚው ተመልካች ቦርድ ሽማግሌው ጡረታ እንዲወጣ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፣ ዴኒስ ማሃን ከእንፋሎት መርከብ ላይ ራሱን ወደ ሀድሰን ወንዝ ወርውሮ ሞተ። ዕድሜውን ለፈጀበት ሰው የማስተማሪያ ወንበሩና ሕይወቱ አንድ ሆነው የታዩት ይመስላል።

ልጁ ለወታደርነት እምብዛም እንደማይስማማ አባቱ ቢመክረውም፣ በ1856 ዓ.ም. ወደ ባሕር ኃይል አካዳሚ ገብቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ከክፍሉ ሁለተኛ ሆኖ ተመረቀ። በእርስ በርሱ ጦርነት የደቡብን ወደቦች በሚዘጉ መርከቦች ላይ አገለገለ። ከዚያ በኋላ ያለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ የሚነገርላቸው አይደሉም፤ የተሰጠውን መርከብ ይመራል፣ ተራውን ጠብቆ ማዕረግ ይቀበላል፣ በመርከብ አያያዝ ግን ዝና አላተረፈም።

ዕጣው የተለወጠው በ1884 ዓ.ም. ነው። አድሚራል ስቲቨን ሉስ ለመኮንኖች ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ የባሕር ኃይል የጦር ኮሌጅ በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት ሲያቋቁም፣ የተሰጠው ሕንፃ ቀድሞ የድሆች መጠለያ የነበረ ነው። ሉስ መምህር እንዲሆን ለማሃን ሲጽፍለት፣ ማሃን ዋቹሴት የምትባል መርከብ ይዞ በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ነበር። ሊማ ከተማ በሚገኝ የእንግሊዞች ክበብ የሞምሰንን የሮማ ታሪክ ሲያነብ፣ ሀኒባል ጣልያንን በባሕር መውረር ቢችል ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን እንደነበር አሰበ፤ የዕድሜ ልክ ሥራው ከዚህ ጥያቄ ተነሣ። በ1886 ዓ.ም. ሉስ ወደ ባሕር ሲመለስ ማሃን የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በአማርኛ የወታደሩም የመምህሩም ደረጃ ማዕረግ ይባላል። በኒውፖርት ግን ሁለቱ ማዕረጎች አልተስማሙም። የመኮንን ዋጋ የሚለካው በባሕር ላይ ባሳለፈው ጊዜ ስለነበረ፣ በየብስ ተቀምጦ ማስተማር ከአገልግሎት መሸሽ ሆኖ ይቆጠር ነበር። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ዊትኒ ኮሌጁን አልወደደውም፤ ከፍተኛ መኮንኖችም ትምህርት በመርከብ ላይ እንጂ በክፍል ውስጥ አይገኝም ይሉ ነበር። ማሃን የንግግሮቹን ጽሑፍ ይዞ ከአሳታሚ አሳታሚ ተንከራተተ። በመጨረሻ በ1890 ዓ.ም. ከ1660 እስከ 1783 ዓ.ም. የባሕር ኃይል በታሪክ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ የሚያስረዳው መጽሐፍ በቦስተን ታተመ። ቴዎዶር ሩዝቬልት አድንቆ ጻፈለት፤ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልምም በመርከቦቹ ሁሉ እንዲገኝ አደረገ። መጽሐፉ ኃያላኑን ለመርከብ እሽቅድምድምና ለቅኝ ግዛት ያደፋፈረ መሆኑም ሊካድ አይገባም፤ ማሃን ራሱ ሃዋይ ወደ አሜሪካ እንድትጠቃለል ይሟገት ነበር።

ይህ ሁሉ ዝና ግን በ1893 ዓ.ም. አልጠቀመውም። የመኮንኖችን ምደባ የሚወስነው ቢሮ አዛዥ ፍራንሲስ ራምሴ መጽሐፍ መጻፍ የባሕር ኃይል መኮንን ሥራ ነው ብሎ አያምንም ነበር። ሩዝቬልትና ሴናተር ሎጅ ቢለምኑም፣ ማሃን ቺካጎ የተባለችውን መርከብ ይዞ እንዲሄድ ታዘዘ። በመርከቢቱም የበላይ የነበረው ሪር አድሚራል ኧርበን፣ የካፒቴኑ ልብ ከአገልግሎቱ ውጭ ነው የሚል የብቃት መግለጫ ላከበት። ማሃን በጽሑፍ ተቃወመ። በዚያው በ1894 ዓ.ም. ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የክብር ዲግሪ ሰጡት፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ለግብር ጠራችው። የገዛ አለቃው ጎደሎ ያለውን ሥራ ባዕድ ዩኒቨርሲቲዎች በቀይ ካባ አከበሩት።

ኮሌጁን ያዳነው የአለቆች ውሳኔ ሳይሆን ያው የተነቀፈው ብዕር ነው። አዲሱ ሚኒስትር ሂላሪ ኸርበርት ኮሌጁን ለመዝጋት አስቦ ወደ ኒውፖርት ሲጓዝ የማሃንን መጽሐፍ አንብቦ ሐሳቡን ለወጠ።

ማሃን በ1896 ዓ.ም. ከ40 ዓመት አገልግሎት በኋላ በካፒቴንነት ጡረታ ወጣ። በ1902 ዓ.ም. የአሜሪካ የታሪክ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የሪር አድሚራልነት ማዕረግ የደረሰው በ1906 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያም ቢሆን ለመምህርነቱ የተሰጠ አይደለም፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ያገለገሉ ጡረተኛ ካፒቴኖችን ሁሉ ከፍ ያደረገ ሕግ ከሌሎቹ ጋር አዳረሰው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሲያርፍ፣ መርከቦች ስለሚዋጉበት መንገድ የጻፈው ሁሉ በሰሜን ባሕር እየተፈተነ ነበር።