ሳሙኤል ኮልት

ሳሙኤል ኮልት (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1814 – ጃንዋሪ 10 ቀን 1862) አሜሪካዊ የጦር መሣሪያ ፈልሳፊና ባለፋብሪካ ነበር። ስሙ በይበልጥ የሚነሣው ከስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ወይም ሪቮልቨር ጋር ነው። ፋብሪካው በቅርጽና በወርቅ አስጊጦ ያወጣቸው ጥቂት ሽጉጦች ዛሬ በቤተ መዘክሮችና በጥንታዊ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋሉ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ

ኮልት በኮኔቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና ልጅ ሳለ ነው። በ1830 መርከበኛ ሆኖ ወደ ካልካታ ተጓዘ፤ የሽጉጡን ሐሳብ ከመርከቡ መሪ ጎማ እንዳገኘና ሞዴሉን ከእንጨት እንደጠረበ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለጠመንጃ ሠሪዎች የሚከፍለውን ለማግኘት ራሱን ዶክተር ብሎ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ የሚያስቅ ጋዝ ለሕዝብ በማሳየት ገንዘብ ይሰበስብ ነበር።

የእንግሊዝን የፈጠራ መብት በ1835፣ የአሜሪካን ደግሞ በ1836 አገኘ። ጥይት መያዣው የሚሽከረከር መሣሪያ ከእሱ በፊትም ነበር፤ ስለዚህ የሪቮልቨር የመጀመሪያ ፈልሳፊ ነው ማለት ስሕተት ነው። የኤሊሻ ኮሊየር ሽጉጥ በእጅ ይዞር ነበር። በኮልት ሽጉጥ ግን መዶሻው ወደ ኋላ ሲሳብ ጥይት መያዣው በራሱ ዞሮ ይቆለፋል።

በኒው ጀርሲ፣ በፓተርሰን ያቋቋመው ፋብሪካ በ1842 ከሰረ። ያነሣው የሜክሲኮ ጦርነት ነው። በ1847 በሻምበል ሳሙኤል ዎከር አማካይነት 1,000 ሽጉጥ ታዘዘለት፤ የራሱ ፋብሪካ ስላልነበረው በኤሊ ዊትኒ ልጅ ፋብሪካ አሠራው። ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ይህ ሽጉጥ ዎከር ይባላል።

ቅርጾቹና ስጦታዎቹ

በተራዎቹ ሽጉጦች ጥይት መያዣ ላይ የሚታየው ሥዕል በእጅ የተሠራ አይደለም። የባንክ ኖት ቀራጩ ዋተርማን ኦርምስቢ ሥዕሉን በጠንካራ ብረት ላይ ቀረጸ፤ ብረቱ በጥይት መያዣው ላይ በኃይል ሲንከባለል ሥዕሉ ይታተማል። በ1851ቱ የባሕር ኃይል ሞዴል ላይ ያለው ሥዕል የቴክሳስና የሜክሲኮ መርከቦች በ1843 በካምፔቼ ያደረጉት ውጊያ ነው።

በእጅ የተጌጡት ሌላ ነገር ናቸው። ከፕሩሲያ የመጣው ጉስታቭ ያንግ ብረቱን በቅጠልና በሐረግ ይቀርጽ ነበር። ለነገሥታት ስጦታ በሚሆኑት ላይ ወርቅ ይገባል። በ1854 ኮልት ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለቀዳማዊ ኒኮላስ ያበረከተው በወርቅ ያጌጠ ሽጉጥ በሄርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ መንትያው በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ነው። ኮልት ለሩሲያ ባላንጣ ለቱርኩ ሱልጣን ለአብዱልመጂድም ያጌጠ ሽጉጥ ሰጥቷል።

እነዚህ ስጦታዎች እንዲሁ የልግስና አልነበሩም። ኮልት የፈጠራ መብቱ እንዲራዘምለት ለአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ሽጉጥ አድሏል ተብሎ በ1854 የምክር ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። ማራዘሚያውን አላገኘም፤ መብቱ በ1857 አበቃ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ ለደቡብ ግዛቶች መሣሪያ በመሸጡም ጋዜጦች አውግዘውታል።

ከሞቱ በኋላ

ኮልት በ47 ዓመቱ ሞተ። በ1864 ፋብሪካው ሲቃጠል ባለቤቱ ኤልዛቤት መልሳ አሠራችው። በ1905 ስትሞት የኮልትን የግል የመሣሪያ ስብስብ ለሃርትፎርዱ ዋድስዎርዝ አቴኒየም አወረሰች።

በአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ይባላል። ሰብሳቢውን የሚያሳስበው ቅርጹ ከፋብሪካ የወጣ መሆኑ ነው፤ ተራ ሽጉጥ ገዝቶ በኋላ አስቀርጾ በውድ የሚሸጥ አለና። ዙሪያው ብረት አልቆ ሳለ የቅርጹ መስመር ስል ከሆነ ያጠራጥራል። ዋጋው ግን በጌጥ ብቻ አይወሰንም፦ በ2018 አንድ የዴንማርክ መርከበኛ በ1847 የገዛው ዎከር፣ ከነሣጥኑ በመገኘቱ፣ በ1.84 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።