የነዳጅ ኃያላኑን የተገዳደሩት ኤንሪኮ ማቴይ

እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ምድር ሲያበቃ፣ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ለተጠጋው ኤንሪኮ ማቴይ አንድ የመንግሥት ሥራ ተሰጣቸው። ሥራው አጂፕ የተባለውን የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ዘግቶ ሒሳቡን ማጣራት ነበር። አጂፕ በሙሶሊኒ ዘመን፣ በ1926 የተቋቋመ ሲሆን ለዓመታት ቆፍሮ ያገኘው ነዳጅ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ማቴይ ግን አልዘጉትም። በፖ ወንዝ ሸለቆ፣ ካቪያጋ በተባለች መንደር የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩን ከመሐንዲሶቹ ሲሰሙ ቁፋሮው እንዲቀጥል አዘዙ።

ማቴይ በ1906 በማዕከላዊ ጣሊያን፣ አኳላኛ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የካራቢኔሪ ፖሊስ ባልደረባ ነበሩ። ትምህርታቸውን በጊዜ አቋርጠው ቆዳ ፋብሪካ ገቡ፤ ገና በወጣትነታቸውም ፋብሪካውን ለመምራት በቁ። ኋላም ሚላን ገብተው የራሳቸውን የኬሚካል ድርጅት ከፈቱ። በ1931 የፋሽስት ፓርቲ አባል መሆናቸው የታሪካቸው ጥቁር ነጥብ ነው፤ ይህን በተለይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያውቀው ሊያልፍ አይገባም። ከ1943 በኋላ ግን ከፋሽስቶችና ከናዚዎች ጋር የተዋጉትን የካቶሊክ አርበኞች ከመሩት አንዱ ሆኑ።

ጋዙ ከተገኘ በኋላ ወደ ፋብሪካዎች የሚያደርሰውን ቧንቧ መዘርጋት አስፈለገ። የየከተማውን ፈቃድ መጠበቅ ዓመታት እንደሚወስድ ያዩት ማቴይ፣ ሠራተኞቻቸው ሌሊት መንገዱን ቆፍረው፣ ከንቲባው ሲነቃ ቧንቧው ተቀብሮ እንዲያገኘው ያደርጉ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ደንቦችን መጣሳቸውንም አይደብቁም ነበር። ማሳው ለተረገጠበት ገበሬ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ለፖለቲካ ፓርቲዎችም ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ፓርቲዎቹን እንደ ታክሲ ተሳፍረው፣ ከፍለው እንደሚወርዱባቸው ሳያፍሩ ይናገሩ ነበር።

በ1953 ኤኒ የተባለው ሰፊ የመንግሥት ድርጅት ሲቋቋም መሪው እርሳቸው ሆኑ። ለገበሬው የደረሰው ትልቁ ፍሬ ከራቬና መጣ። በዚያች የባሕር ዳርቻ ከተማ የተሠራው ፋብሪካ ከተፈጥሮ ጋዝ የአፈር ማዳበሪያ ማምረት ሲጀምር፣ ገበያውን ለብቻው ይዞ የኖረው ሞንቴካቲኒ የተባለ ኩባንያ ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ። ጋዝ ለማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ እንደሚሆን ዛሬ የካሉብን ጋዝ ወሬ የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ግን ለብዙ ገበሬ አዲስ ነገር ነበር።

የጣሊያን ጋዝ ቢኖርም ድፍድፍ ነዳጁ ከውጭ ይመጣ ነበር። የዓለምን ነዳጅ የያዙት ሰባት ኩባንያዎች ነበሩ፦ አምስቱ የአሜሪካ፣ አንዱ የእንግሊዝ፣ አንዱ የእንግሊዝና የሆላንድ። ሰባቱ እህትማማቾች የሚለውን ስም ያስለመዱት ማቴይ ናቸው። በ1953 የኢራን ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅ በአሜሪካና በእንግሊዝ እጅ ከሥልጣን ከተወገዱ በኋላ፣ የኢራንን ነዳጅ የተከፋፈሉት ኩባንያዎች ለማቴይ ቦታ ነፈጓቸው። ከዚህ ወዲያ የቂማቸውን መጠን የሚያሳይ አንድ ታሪክ በየመድረኩ ያወሩ ነበር፦ የተራበች የድመት ግልገል ወደ ትልልቅ አዳኝ ውሾች ገበታ ስትጠጋ አንዱ ውሻ መትቶ ወገቧን ሰበራት። ግልገሏ ጣሊያን ነበረች።

መልሳቸው በ1957 መጣ። በዚያን ጊዜ የተለመደው ውል የነዳጁ ባለቤት አገርና የውጭው ኩባንያ ትርፉን እኩል የሚካፈሉበት ነበር። ማቴይ ለኢራን ያቀረቡት ግን ከዚህ የራቀ ነው። የሚቋቋመው ኩባንያ ግማሹ የኢራን፣ ግማሹ የጣሊያን ይሆናል። ከትርፉ ግማሹን ኢራን በግብር መልክ ትወስዳለች፤ የቀረውን ደግሞ ሁለቱ ባለድርሻዎች እኩል ይካፈላሉ። ስለዚህ ከመቶው 75 የኢራን፣ 25 የጣሊያን ሆነ። ተፈልጎ ነዳጅ ቢታጣ የፍለጋው ኪሳራ በጣሊያኖቹ ላይ ይወድቃል። በዚህ ውል የተገኘው ነዳጅ ከትልልቆቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ኩባንያዎቹን ያስቆጣው ሌሎች አገሮችም ያንኑ ድርሻ መጠየቃቸው አይቀርም የሚለው ስጋት ነበር።

በ1960 ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋዋሉ። ርካሽ ነዳጅ ገዝተው በምትኩ የብረት ቧንቧና ሰው ሠራሽ ጎማ ሰጡ። የቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ወቅት ይህ ዋሽንግተንን አሳሰበ። ለነጻነቷ ትታገል የነበረችውን አልጄሪያንም ደገፉ፤ ይህም ፓሪስን አስቀየመ።

አልጄሪያ በሐምሌ 1962 ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት ጥቅምት 27 ማቴይ ከሲሲሊ ተነሥተው ወደ ሚላን ሲበሩ፣ ትንሿ አውሮፕላን ለማረፍ ጥቂት ሲቀራት ባስካፔ በተባለች መንደር ማሳ ላይ ወደቀች። አብራሪያቸውና አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛም አብረዋቸው ሞቱ። የጊዜው ምርመራ አደጋ ነው ብሎ ተዘጋ። በ1990ዎቹ የፓቪያ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን እንደገና ከፍቶ፣ አውሮፕላኗ ውስጥ ፈንጂ ፈንድቷል ከሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ፈንጂውን ማን እንዳኖረው ግን አልተለየም።

የጣሊያን መንግሥት በ2024 ይፋ ያደረገውና ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ የሆነችበት የአፍሪካ ዕቅድ በእርሳቸው ስም የማቴይ ዕቅድ ተብሏል። ከአልጄሪያ በረሃ ተነሥቶ ቱኒዚያን አቋርጦ፣ በባሕር ሥር ሲሲሊ የሚደርሰው የጋዝ ቧንቧም የሚጠራው በስማቸው ነው።