የኮርቻውን ጠፈር ያየ የጸሐፊ ልጅ

ዘንድሮ የማቀርብላችሁ የአንድ መስኮብ ሊቅ ታሪክ ነው። ስሙ ኒኮላይ ሎባቼቭስኪ ይባላል። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ ጡረተኛ ስለ ሒሳብ ሊቅ መጻፌ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ነገር ግን የሰውየው አባት እንደኔው ጸሐፊ፣ ያውም የመሬት ልኬት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርና ልቤን ሳበው።

ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1792 ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም ሦስት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ካዛን ገባች። ልጆቹ በመንግሥት ወጪ ተማሩ። መቼም እድርተኛ የባልቴት ቤት ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ኒኮላይ በ1807 ካዛን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እዚያው አስተማሪ ሆነ፤ ከ1827 ጀምሮ 19 ዓመት የዩኒቨርሲቲው የበላይ ሹም ነበር።

ስሙን ያስጠራው ግን ሹመቱ አይደለም። ከጥንቱ ከዩክሊድ ጀምሮ፣ ከአንድ መስመር ውጭ ባለች ነጥብ በኩል ያንን መስመር ሳይነካ የሚያልፍ መስመር አንድ ብቻ ነው ይባል ነበር። እርሱ ከአንድ በላይ ቢሆንስ ብሎ ተነሣና በ1829 አሳተመው። እንዲህ ባለው ቦታ የሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ቢደመሩ 180 ዲግሪ አይሞሉም። ገጹ እንደ ምጣድ ሜዳ ሳይሆን እንደ በቅሎ ኮርቻ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሽቅብ፣ ወደ ጎን ቁልቁል ይጎብጣል።

እዚያ ሞገድ ቢነሣ ይከስማል ወይስ ይኖራል? የሆርማትን ጎርፍ ጠልፈን ማሳ ላይ ስንለቀው እየሰፋ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ በሎባቼቭስኪ ጠፈርም ስፋቱ ከርቀቱ ጋር እጅግ ስለሚበዛ ሞገዱ ቶሎ ይሳሳል። ጊዜም ከቦታ ጋር አብሮ በሚጎብጥበት፣ አንቲ ደ ሲተር በሚባለው ጠፈር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ብርሃን በተወሰነ ጊዜ ዳር ይደርሳል፤ ዳሩ ከመለሰውም ተመልሶ ይመጣል፤ ከዞብል ተራራ እንደሚመለስ የእረኛ ጩኸት ማለት ነው። ደካማ ሞገድ፣ የራሱ ክብደት እስካልተቆጠረበት ድረስ፣ አያድግም፣ አይከስምም፣ እንዲያው ሲመላለስ ይኖራል። በ2011 ቢዞንና ሮስትዎሮቭስኪ የተባሉ የፖላንድ ሊቃውንት የሞገዱን ስበት ጨምረው በኮምፒውተር ቢያሰሉት፣ ትንሿ ሞገድ በምልልስ ብዛት እየጠበበች እየበረታች፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጥበት ጥቁር ጉድጓድ ልትሆን እንደምትችል አዩ። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይሄ ነው።

ታዲያ በዘመኑ ማን ሰማው! የፒተርስቡርግ አካዳሚ ሥራውን ናቀው፤ በመጽሔትም ተሳለቁበት። ጋውስ የተባለው ታላቅ የጀርመን ሊቅ ያንኑ ሐሳብ ቀድሞ ደርሶበት ሳለ ጫጫታ ፈርቶ ዝም አለ፤ እኔ ይህን አልወደድሁለትም።

በ1830 ኮሌራ ካዛን ሲገባ ሎባቼቭስኪ ተማሪዎቹንና መምህራኑን ከነቤተሰባቸው ግቢው ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ፤ ንጽሕናም አስጠበቀ። ከተማው ሲረግፍ ከግቢው የሞቱት ጥቂት ናቸው። በ1842 ከተማው ሲቃጠል ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን መጻሕፍት አስተረፈ።

በ1846 ከሹመቱ ተነሣ። የበኩር ልጁ ሞተበት፤ ዓይኑም ጠፋ። የመጨረሻ መጽሐፉን በ1855 በቃሉ እየተናገረ አስጻፈ፤ ከአፉ ተቀብሎ የጻፈለት ሰው መቼም ታድሏል። በየካቲት 1856 አረፈና ካዛን አርስክ መቃብር ተቀበረ። ሐውልት የቆመለት በ1896፣ ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ ነው።