ቫቪሎቭ፦ በሐረርጌ ቆላ ያለፉት የዘር ሊቅ

ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ፣ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ወደ አዋሽ የሚዘልቀው አሮጌው የባቡር ሐዲድ ካሳለፋቸው መንገደኞች አንዱ ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 ማብቂያ ጅቡቲ ደርሰው ሐረርን ከጎበኙ በኋላ፣ የዛሬዋ ቦርደዴ በምትገኝበት ደረቅ ቆላ አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ።

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወልደው ግብርና ተማሩ። በወጣትነታቸው ያጠኑት የሰብልን በሽታ የመቋቋም ኃይል ነበር። አንድ ሰብልና የዱር ዘመዶቹ በብዛትና በዓይነት የሚገኙበት አካባቢ የሰብሉ መነሻ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መነሻዎች አንዷ አድርገው መዘገቡ። ከራስ ተፈሪ የጉዞ ፈቃድ አግኝተው በበቅሎ ቅፍለት በአንኮበር፣ በጎንደርና በአክሱም አድርገው አስመራ ገቡ። በአንኮበር አካባቢ ያገኙት ጢም አልባ ጠንካራ ስንዴ ይኖራል ብለው አስቀድመው የገመቱት ዓይነት ነበር።

ሰብሳቢዎች ከዘር ሌላ የደረቀ ተክልም ይይዛሉ። ተክሉ በወረቀት መካከል ተጭኖ ይደርቅና ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፍበታል፤ እንዲህ ያለው ክምችት ኸርባሪየም ይባላል። ጽሑፍ የሌለው ናሙና ከድርቆሽ ብዙም አይሻልም። ለምሳሌ የዱር ሰላጣን እንውሰድ። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ፣ ቅጠሉ እሾህማ የሆነ፣ አራሚ ነቅሎ የሚጥለው ተክል ነው። ይሁንና በአውሮፓና በአሜሪካ የሰላጣ አዳቃዮች ዋግ መሰል የቅጠል በሽታን የሚቋቋም ባሕርይ ያገኙት ከእርሱ ነው። በደረቅ ምድር የትኛው ዝርያ የት እንደበቀለ የሚያስረዳው ያ የደረቀ ቅጠልና አጠገቡ ያለው ጽሑፍ ነው።

ይህ ለወረዳ ባለሙያም ይጠቅማል። አርሶ አደራችን ፋራምሲሳ የሚለው ፓርቲኒየም ከሰላጣ ጋር የአንድ ቤተሰብ አረም ነው፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል መታየቱ የተመዘገበው በ1980ዎቹ ነው። አንድ አረም መቼ እንደገባ ለማወቅ ቀን የተጻፈበት ናሙና የግድ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ኸርባሪየም በ1959 ተመሠረተ። የሰላጣን ቤተሰብ የያዘው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል በ2004 ወጥቷል፤ አዘጋጁ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር መስፍን ታደሰ ናቸው።

የቫቪሎቭ ፍጻሜ ግን ያሳዝናል። የስታሊን ድጋፍ የነበረው ሊሴንኮ የዘር ውርስ ሳይንስን ይቃወም ነበርና፣ በነሐሴ 1940 ዩክሬን ውስጥ ተክል እየሰበሰቡ ሳለ ተያዙ። በ1941 ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ እስራት ቢለወጥም በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ሞቱ። የዓለምን ሕዝብ ለመመገብ ዘር ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። የተቋማቸው ባልደረቦች በሩዝ፣ በኦቾሎኒና በሌላ ዘር መካከል ተቀምጠው በረሃብ አለቁ፤ ክምችቱን አልነኩም። ከኢትዮጵያ የሄደው ዘርም በዚያ ክምችት ውስጥ ነበር። ቫቪሎቭ በ1955 ከክሱ ነጻ ተባሉ፤ ተቋሙም ኋላ በስማቸው ተሰየመ።